ይህ አልጄብራ እንጂ ማጀት አይደለም

ገና ነጠላዬን ከትከሻዬ አላወረድኩም። ሱቁን ሠራተኛዬ ልጅቷ ብቻዋን ይዛዋለች፤ ስንት ሰው ሒሳብ ስታሳስት እንደምትውል እግዚአብሔር ይወቀው። ግን ይህን ሳልጽፍ ቡናም አይወርድልኝ።

ያው ትናንት የነገርኳችሁ የልጄ የሒሳብ ጥያቄ ነው። 24 ÷ 4 × 2። ልጄ 12 ብላ ጻፈች። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገባት። ኤክስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ተጭኖት ተጭኖት ወረቀቱን ሰንጥቆታል፣ ጠባሳው በጀርባው በኩል በጣት ይዳሰሳል። ከጎኑ ደግሞ በትልቁ 3 ብሎ ጽፎላታል። 3! መጀመሪያ 4ን በ2 አባዝቶ 8 አደረገና 24ን ለ8 አካፈለ። ልጄ እንደ ሰው ከግራ ጀምራ፣ 24 ለ4 ሲካፈል 6፣ 6 በ2 ሲባዛ 12 አለች። እኔም ማታ ከመጽሐፏ ጋር አመሳከርኩ። ማባዛትና ማካፈል እኩል ናቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ በተገኙበት ተራ ይሠራሉ ይላል። ገጹ እንዳይጠፋኝ የሻይ ቅጠል ካርቶን ቀድጄ ምልክት አደረግኩበትና ጠዋት ይዤ ሄድኩ። ማን ሂጂ አለኝ?

ዩኒት ሊደሯ ቢሮ ስደርስ ከእኔ በፊት ማንም አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ። ከእኔ በኋላ አንድ ሰውዬ የልጁን የጸጉር ቁርጥ ሊያስረዳ መጣ፣ ሁለት እናቶች ደግሞ በመዋጮ ጉዳይ መጡ። ሰውዬው ቀድሞኝ ገባ። «እቸኩላለሁ» አለ፤ እኔ ሱቄን ትቼ ለሽርሽር የመጣሁ ይመስል። ዝም አልኩ። መቼም ዝም ማለት ሙያዬ ሆኗል።

መምህሩ መጡ። መጡ ልበል ወይስ መጣ? እስከ ትናንት መጡ ነበር የምለው፤ ከዛሬ ጀምሮ መጣ ነው። ነጭ ጋውኑ እጅጌው ድረስ ጠመኔ ለብሷል፣ ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቺ ጥያቄ ግር ብላኝ ነው» አልኩ፣ ወረቀቱን በሁለት እጄ ዘርግቼ። በሁለት እጄ! እንደ ደጅ ጠኚ!

«ማባዛት ከማካፈል ይቀድማል እናቴ» አለ፣ ወረቀቱን ሳያየው።

«ማን ነው ያስቀደመው?»

«ፔምዳስ።»

አጠራሩን ብትሰሙት የበላይ አካል ስም ነው የሚመስላችሁ። ከላይ መመሪያ የወረደ ይመስል። ቅንፍ፣ አርቢ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ መደመር፣ መቀነስ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች ናቸው እኮ፣ የስሌትን ተራ ማስታወሻ።

«እኛ ቦድማስ ነበር የተማርነው፤ እዚያ ላይ እኮ ማካፈል ነው ቀድሞ የተጻፈው» አልኩ።

«እሱ የእንግሊዝ ነው። እኛ የአሜሪካኑን ነው የምንከተለው።»

እስቲ ፍረዱኝ። እንግሊዝ አገር 12 የሆነ ነገር አሜሪካ ሲሻገር 3 ይሆናል ማለት ነው? ከሎንዶን ኒውዮርክ የሚሄድ ሰው ኪሱን ይጠብቅ! ደግሞ አንዱ ማካፈልን፣ ሌላው ማባዛትን አስቀድሞ እየጻፈ ሁለቱም ስንት ዘመን ያለ ጠብ ሲሠራባቸው መኖሩ አንድ ነገር አይነግርም? ፊደሎቹ እኮ ልጆች በቃላቸው እንዲይዙት የተደረደሩ ናቸው። ሁለቱ ስሌቶች እኩያሞች ስለሆኑ የትኛውም ቢቀድም በስም አጠራሩ ላይ ለውጥ የለውም፤ ሲሠራ ግን እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ነው፣ ከግራ የቆመው ይስተናገዳል። እርግጥ ከግራ ቆሜ ያልተስተናገድኩት እኔ ስለ ሰልፍ ባወራ ማን ይሰማኛል።

መጽሐፉን ገልጬ ካርቶኗ ያለችበትን ገጽ አሳየሁት። አላየውም። ስልኩን አየ። እኔ ሞኟ ደግሞ ምሳሌ ብሰጠው ይገባዋል ብዬ፣ «መምህር፣ 24 እንጀራ ለአራት ትሪ እኩል ቢከፈል፣ ሁለቱ ትሪ ለእኔ ቢደርሰኝ፣ ስንት እንጀራ አለኝ? 12 አይደለም?» አልኩት።

ሳቅ አለና «እናቴ፣ ይህ አልጄብራ እንጂ ማጀት አይደለም» አለኝ።

ማጀት! አለኝ! ዩኒት ሊደሯ ሴት አይደለችም? ሳቀች። የጸጉር ቁርጡ ሰውዬ ጉዳዩን ጨርሶም አልወጣም ነበርና እሱም ሳቀ። ሁለቱ እናቶች የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንዳሉት መላእክት ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። አመሰግናለሁ!

መልሱ የመጣልኝ እንደ ልማዱ ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ማጀት እኮ ነው ቅደም ተከተልን የሚያውቀው፣ አንተ ሰው! ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬ የጨመረች ሴት ወጧን ማን ይበላላታል? እናቴ ይህን ያስተማረችኝ ያለ ፔምዳስ ነው። ይህን ልለው ይገባኝ ነበር። ባጃጁ አራዳ እስኪደርስ አስር ጊዜ አልኩት፣ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ። ሲያወርደኝም ከትናንቱ አምስት ብር ጨምሮ ተቀበለኝ። ለምን ስለው «ነዳጅ» አለ። እሺ፣ አመሰግናለሁ አልኩት ለእሱም።

በዚህ ከሄድን ገንዘቡንም እንቁጠረዋ። ፔምዳስም ሆነ ቦድማስ መደመርን ከመቀነስ ፊት ይጽፋሉ። 100 ብር ይዤ ወጣሁ እንበል፣ 30 ለሽንኩርት ከፈልኩ፣ መንገድ ላይ ባለዕዳዬ 20 ብር መለሰችልኝ። 100 − 30 + 20። እጄ ላይ 90 ብር አለ። በመምህሩ ሥርዓት ግን 30 እና 20 መጀመሪያ ይደመሩና 50 ይሆናሉ፣ ከመቶ ሲቀነሱ 50 ብር ይቀረኛል። 40 ብሬ የት ገባች? መዋጮ ይሆናላ።

ስለ ሱቋ ልጅ ሳልነግራችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ደንበኛዬ አንድ የ50 ብር ሻማ እና ሦስት ባለ 40 ብር ሳሙና ወሰደች። ልጅቷ በዚያች በትንሿ የሱቅ ማስሊያ 50 + 3 × 40 ብላ ስትነካ 2120 ብር አወጣች። ማስሊያዋ የነኩላትን በተራ የምትደምር የምታባዛ ናት፤ 53 በ40። ሴትየዋ ጮኸች፣ ልጅቷ «ማሽኑ ነው ያለው» አለች። በስልኬ ያንኑ ስነካው 170። ስልኩ ማባዛቱን አስቀድሞ ይሠራል። ያን ዕለት ለልጅቷ ማባዛት ከመደመር ለምን እንደሚቀድም በሳሙና አስረዳኋት፤ ሦስቱ ሳሙና ዋጋቸው ሳይታወቅ ከሻማው ጋር አይደመርም አልኳት። ገባት። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ልጅ ናት። ባለ ዲግሪው በእንጀራ አልገባውም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ግቢ ሒሳብ ለሚማረው ለወንድሜ ልጅ ደወልኩለት። ከት ብሎ ሳቀ፤ ዛሬ የማይስቅብኝ የለም። «እቴቴ፣ ጣጣው ያ ምልክት ራሱ ነው» አለኝ። ÷ን በ1659 እ.ኤ.አ. ራን የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው በአልጄብራ መጽሐፉ ለማካፈያ አውጥቶት ነው አሉ፤ እነሱ ግቢ ውስጥ ከነጭራሹ አይነኩትም፣ ሁሉን በክፍልፋይ መልክ ከላይና ከታች ይጽፉታል፣ ቅንፍ ካስፈለገም ቅንፍ ያደርጋሉ። 24ን ከላይ፣ 4ን ከታች፣ × 2ን ከጎን። ማን ይሳሳታል? አንድ ቅንፍ እኮ ነው ያጠረን! ለትምህርት ቤቱ መጋረጃ ከምናዋጣ ለቅንፍ ብናዋጣ።

ላድላላት አልፈልግም፤ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ያጠፋችው ልጄ ናት። የ(−3)² መልስ −9 ነው ብላለች። ቅንፍ ውስጥ ያለው ከነመቀነሱ ነው በራሱ የሚባዛው፣ 9 ነው። ቅንፉ ባይኖር −9 ልክ ነበረች። ለእሱ የተሰጣትን ኤክስ ስሜ ተቀብያለሁ። እንዲያውም ያኛው ኤክስ ትንሽ ነው፣ ወረቀት አልቀደደም። ትክክል ስትሆን ነው አጥብቆ የጫነው።

አስጠኚዋን ጠየቅኩት ደግሞ፣ በየወሩ የምከፍለውን። «ቲቸሩ ያለውን ብትይዝ ይሻላል፣ የሚያርመው እሱ ነው» አለኝ። ለዚህ ምክር ነው የምከፍለው። አንዳንዴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴ ባስጠናት ይሻል ነበር እላለሁ፤ በሚቀጥለው ወር የአርቢና የካሬ ትምህርት ሲመጣ ግን እኔም መያዣ መጨበጫው ይጠፋኛል፣ አውቀዋለሁ።

እናንተ «ርዕሰ መምህሩ ጋ ግቢ» ልትሉኝ ነው። ባለፈው ዓመት በደንብ ልብሱ ጉዳይ ገብቼ አይደል? ሸሚዙ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ቀለሙ ለቀቀ ብዬ። «ሳሙናዎ ይሆናል» ነው የተባልኩት። ሳሙና ነጋዴዋን!

አሁን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «እማ፣ ምን አለሽ?» አለችኝ። «ያየዋል» አልኳት። ዋሸኋት። ምሳዋን እያቀማመሰች ዝም ብላ ቆየችና፣ «ለፈተና ቢመጣስ የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ።

እንጀራው ላይ ወጥ ጨምሬላት ቆሜ አሰብኩ።

«3 ጻፊ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ግን እኮ 12 ነው።»

«12 ነው። 3 ጻፊ።»

ቧንቧው ተንኮሻኮሸ፤ ውኃ ሳትመጣ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ጀሪካኖቹን ልደርድር፣ ሳትሄድ።