ድሮም ጠርጥሬ ነበር

ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. አስተርዮ ማርያም ነበረች። ቱሉ ዲምቱ፣ ከብሎካችን ስር ያለችው ጀበና ቡና ጋ በርጩማ ላይ ተደርድረናል። ከንግሥ የተመለሱት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው። ሌሎቻችን ካላንደሩ ሥራ ባይዘጋም ማርያምን ሰበብ አድርገን ቀርተናል። ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ቺካጎ ግን ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ጀሲ ስሞሌት የሚባል ተዋናይ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ሳንድዊች ገዝቶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።

ከዚያ በኋላ ሆነ የተባለውን እሱ ለፖሊስ እንዲህ ብሎ ተናገረ። ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ሰዎች ጥቁርና ግብረ ሰዶማዊ ስለሆንክ ብለው ሰደቡኝ። ደበደቡኝ፤ ኬሚካል ደፉብኝ፤ አንገቴ ላይ ገመድ አጠለቁብኝ።

ወሬው እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። «ኢምፓየር» የሚባለውን ድራማውን ስትከታተል የኖረችው ፀጉር ሠሪያችን አለቀሰች። የምር ነው የምላችሁ፣ በሶፍት ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ። «ጥቁር ስለሆነ» ሲባል ሁላችንም ተንገበገብን። ጡረታ የወጡት መምህር ከአድዋ ጀመሩና እኛን አልፈው ሚሲሲፒ ደረሱ። «ግብረ ሰዶማዊ ስለሆነም ጭምር» ሲባል ግን ቡና ቤቱን ሳል ያዘው። አንዱ ሲኒው ውስጥ ሲያይ፣ ሌላው ወደ ታክሲው ሰልፍ ዞረ። ሐዘናችን እንደ ሁለተኛ በረካ ቀጠነ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የቺካጎ ፖሊስ ድብደባውን ተዋናዩ ራሱ ነው ያቀነባበረው አለ። ሁሉም ነጭ ሲፈልግ የተገኙት የናይጄሪያ ዝርያ ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ያውም ሰውየውን የሚያውቁት፣ አንደኛው ስፖርት የሚያሠራው። ከሳሾቹ እንደሚሉት 3,500 ዶላር ከፍሏቸዋል። በቼክ!

የቼኩ ነገር ቡና ቤታችንን ለአንድ ሳምንት መገበ። ብርዱንም፣ ገመዱንም፣ ሳንድዊቹንም ልንረሳ እንችል ነበር። ቼኩ ግን አላስተኛንም። ደላላችን እውነተኛ ንዴት ነው የተናደደው፤ ሙያው የተነካ ነው የሚመስለው። «ሰው እንዴት የራሱን ድብደባ በቼክ ይከፍላል? ደረሰኝስ አልቆረጡለትም?» አለ። ሰውየው ደግሞ ቼኩ የስፖርትና የአመጋገብ ፕሮግራም ክፍያ ነው ባይ ነው። ምንም አላቀነባበርኩም ያለውን እስከ መጨረሻው አልቀየረም። ደላላው ይህንን አልሰማም። መስማትም አልፈለገም።

እኔን የገረመኝ ግን ቼኩ ሳይሆን ፀጉር ሠሪያችን ናት። «እኔ እኮ ያኔውኑ ዓይኑ አላማረኝም» አለች። መምህሩም «ሳንድዊች ሲባል ነው እኔ የነቃሁት» አሉ። ሳንድዊች ሲባል እሳቸው ሚሲሲፒ ነበሩ። ተራ አስከባሪው ሳይቀር ድሮም ጠርጥሮ ነበር። በአንድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ውስጥ የተታለለ ሰው ጠፋ። እኔም ብሆን ቤቴ ገብቼ የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፌው የነበረውን የሚያለቅስ ፊት ፈልጌ አጠፋሁት። ቴሌግራም ደግ ነው፣ ዱካ አይተውም።

ሰውን እንዲህ ስታዘብ ትዝ የሚሉኝ ዘበኛችን አባባ ናቸው። በዚያው ክረምት አንድ ጠዋት ጭንቅላታቸውን በፋሻ ጠምጥመው ተገኙ። «ሌቦች ሊገቡ ሲሉ ተናንቄያቸው ነው» አሉ። ብሎኩ በአንድ እግሩ ቆመ። ከየቤቱ 50 ብር ይዋጣ ተባለ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደረጃው መግቢያ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። አንዳንዱ ስሙ ከጎረቤቱ በታች እንዳይሆን 100 ብር አደረገው። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ብርድ ልብስ ጨመሩ።

በሳምንቱ ቡና የምታፈላው ልጅ፣ ከሰል እያራገበች፣ እንደ ዋዛ «አባባ እኮ ያን ሌሊት ከጠጅ ቤት ሲመለሱ ቱቦ ውስጥ ወድቀው ነው» አለች። አለቀ። ማታውኑ ኮሚቴ ተቀመጠ። አንድም ሰው ገንዘብ ሰጥቻለሁ የሚል አልተገኘም። «ስሜን ጻፉት እንጂ አልከፈልኩም» አለ መቶ የሰጠው። ዝርዝሩን ላሳይ ብዬ ብወርድ ወረቀቱ የለም። ግድግዳው ላይ የቀሩት አራት የፕላስተር ቁራጮች ናቸው። አልሰጠንም ያሉት ሰዎች ግን ገንዘቡ በሦስት ወር ከአባባ ደሞዝ እንዲቆረጥ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ብርድ ልብሱ ይመለስ ያለም ነበር፤ እሱ እንኳ አፈረና ተወው።

ከወር በኋላ ውሃ ሲጠፋ ጣሪያ የወጣው ሠራተኛ የፓምፑ ገመድ ተቆርጦ መወሰዱን ነገረን። መቼ ተወሰደ? አይታወቅም። አባባ «አላልኳችሁም?» ብለው አዩን። ማንም መልስ አልሰጠም። ቅነሳውም አልቆመም።

ቺካጎም የሆነው ከኛ ኮሚቴ ብዙም አይርቅ። መጀመሪያ መጋቢት 2011 ላይ ዐቃቤ ሕጎች ከሰውየው ጋር ተስማሙ። ያስያዘውን 10,000 ዶላር ተወ፤ የማኅበረሰብ አገልግሎትም ሰጠ፤ ክሱ ተነሳ። ሕዝቡ ጮኸ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተሾመና እንደገና ተከሰሰ። ኅዳር 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ከስድስቱ ክሶች በአምስቱ ጥፋተኛ ተባለ። በተከታዩ መጋቢት 150 ቀን እስርና 25,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ለከተማዋም 120,106 ዶላር ክፈል ተባለ። ስድስቷ ዶላር የምን ነበረች? የብሎካችን ሒሳብ ያዥ እንኳ እንዲህ አይጨክንም። ይግባኙ እስኪታይ ተብሎ ግን በስድስተኛው ቀን ተለቀቀ።

ቺካጎ ያለችበት የኢሊኖይ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። ቱሉ ዲምቱ በጭስ ታፍና፣ ቡናው የተቃጠለ ፌስታል ፌስታል እያለን ወሬውን ሰማን። ደላላው «በገንዘብ ነው» አለ። ፀጉር ሠሪያችን «እኔ ድሮም ንጹሕ ነው ብያለሁ» አለች። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልን። ፍርድ ቤቱ አድርጎታል ወይም አላደረገውም አላለም። መንግሥት አንዴ ተስማምቶ ክስ ካነሳ፣ ሰውየውም የድርሻውን ከፈጸመ፣ እንደገና መክሰስ አይቻልም ነው ያለው። «ታዲያ ሠርቶታል ወይስ አልሠራውም?» አለ ተራ አስከባሪው ተበሳጭቶ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

አባባ የተሰበሰበውን ቆሻሻ በእንጨት እያገላበጡ እሳቱን ያነቃቃሉ። ያ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ነው። ወሬያችንን ለካ ሲሰሙ ኖረዋል።

«ሰውየውን ለቀቁት ነው የምትሉኝ?»

«ፍርዱን ሻሩለት፣ አባባ» አልኩ።

«ያስከፈሉትንስ መለሱለት?»

ቡና የምታፈላው ልጅ ቀና ብላ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። እኔ ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።