ክብር ለደጉ ፈረንጅ

ዘረኝነትን ማጥፋት ከባድ ነው የሚል ሰው ሆሊውድን አያውቅም ማለት ነው። ሰልፍ አያስፈልግም። ሕግ አያስፈልግም። ካሳ የሚባለው ጣጣማ ጭራሽ አይነሳም። አንድ ፊልም ይበቃል። ፈንዲሻ ካለ ደግሞ እሰየው።

ማስረጃ አለኝ። በግንቦት 2020 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ጉዳዩም የእነሱ ነው) ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ጉልበት ስር ተገደለ። አሜሪካ በሰልፍ ተናወጠች። ብዙ ደግ ነጭ «እኔስ ምን ላድርግ?» ብሎ ተጨነቀ። ተጨንቆም አልቀረም፤ ኔትፍሊክስ ከፈተ። ሰኔ ሲገባ እዚያው አሜሪካ ኔትፍሊክስ ላይ አንደኛ የወጣው ፊልም «ዘ ሄልፕ» ነበር።

«ዘ ሄልፕ» በ1960ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ በነጭ ቤት ተቀጥረው ስለሚሠሩ ጥቁር ሴቶች ነው። ማለቴ፣ ስለ እነሱ መጽሐፍ ስለምትጽፍ አንዲት ነጭ ወጣት ነው። ሠራተኞቹ ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ እሷ ኒውዮርክ ሥራ ታገኛለች፣ ዋናዋ ሠራተኛ ደግሞ ከሥራዋ ትባረራለች። ተመልካቹ እንባውን ጠርጎ ደስ ብሎት ይነሳል። የሠራተኛዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ቫዮላ ዴቪስ በ2018 «የሠራተኞቹ ድምፅ አልተሰማም፣ ይቆጨኛል» የሚል ነገር ተናገረች። ምን ይደረግ፣ ምስጋና የማያውቅ ሰው አይጠፋም።

እኛም አዲስ አበባ ሆነን ይህን ፊልም አይተን አልቅሰናል። በተለይ ያቺ ክፉ እመቤት «ለጥቁር ሠራተኞች ሽንት ቤት ለብቻ ይሠራ» ስትል ደማችን ፈላ። «ሰው በሰው ላይ እንዴት እንዲህ ይጨክናል!» አልን። ከዚያ ሠራተኛችንን ጠርተን ሻይ አስቀዳን። ልጅቷም ሻዩን አቅርባ ወደ ሰርቪስ ቤቷ፣ ለብቻዋ ወደተሠራላት ሽንት ቤት ሄደች። ይሄ ግን ሌላ ነው፤ እንዳታምታቱ። እኛ አገር ዘረኝነት የለም። ሰርቪስ ብቻ ነው ያለው።

ወደ ደጎቹ ልመለስ። የኦስካር ሰዎች ለዚህ ፊልም ብድር መላሾች ናቸው። በ2012 ኦክታቪያ ስፔንሰር የቤት ሠራተኛ ሆና በመጫወቷ በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ሸለሟት። በ1940 ሃቲ ማክዳንኤል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ የቤት ሠራተኛ ሆና በመጫወቷ ያንኑ ሽልማት ወስዳለች። ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። በሽልማቱ ምሽት ሎስ አንጀለስ ያለው ሆቴል ጥቁር ስለማያስገባ እሷን ለማስገባት ልመና አስፈልጎ ነበር። ገብታም ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር አልተቀመጠችም፤ ግድግዳ ጥግ ትንሽ ጠረጴዛ ሰጧት። ከዚያ ምሽት እስከ 2012 ድረስ 72 ዓመት ነው። አንድን ሙያ 72 ዓመት ሙሉ እንዲህ ማክበር የሚችል ተቋም የት ይገኛል?

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ፊልም ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠይቀው «አክተሩ ማነው?» ብሎ ነው። አክተሩ ከታወቀ ሐሳብ የለም፤ አይሞትም፣ አይሸነፍም። ኦስካር የሚወደው የዘረኝነት ፊልም ላይ ግን መጠየቁ ትርፍ ድካም ነው። ነጩ ነው። ጥቁሩ ይሰደባል፣ ይታሰራል፣ ይገረፋል። አክተሩ ደግሞ በዚህ ሁሉ በጣም ያዝናል። ማዘን ቀላል መስሏችኋል? ካሜራው እኮ እሱ ፊት ላይ ነው።

«ሂደን ፊገርስ»ን ተመልከቱ። ናሳ ውስጥ ስለሠሩ ሦስት ጥቁር ሴቶች በ2016 የተሠራ ፊልም ነው። አንዷ ካትሪን ጆንሰን ናት፤ ጆን ግሌን ወደ ጠፈር ከመውጣቱ በፊት የኮምፒውተሩን ስሌት በእጇ ያጣራችው። ፊልሙ ላይ ይህች ሊቅ ሽንት ቤት ፍለጋ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ስትሮጥ እናያለን። ኋላ አለቃዋን ሆኖ የሚጫወተው ነጩ ተዋናይ ኬቨን ኮስትነር ብረት አንስቶ የጥቁሮች ሽንት ቤት ምልክትን ቀጥቅጦ ይጥለዋል። ሲኒማ ቤቱ ያጨበጭባል። እውነተኛዋ ካትሪን ግን ራሷ እንደተናገረችው፣ የነጮቹ ሽንት ቤት ዝም ብላ ትገባ ነበር። ሲነግሯትም አልሰማቻቸውም። አለቃውም እንዳለ የሚገኝ ሰው አይደለም፤ ከተለያዩ ሰዎች ተቀምሞ የተሠራ ነው። ችግሩ ይግባችሁ። ሴትየዋ ራሷ ከፈታችው ኮስትነር ምን ሊሠራ ነው? ሰውዬው እኮ ቤተሰብ አለው።

ኤፍቢአይም ቢሆን ውለታው አልተረሳም። በ1964 ሚሲሲፒ ውስጥ ሦስት ወጣት የመብት ታጋዮች ተገደሉ። በ1988 የወጣው «ሚሲሲፒ በርኒንግ» ይህን ታሪክ ይዞ ሁለት ነጭ የኤፍቢአይ ሰዎችን ጀግና አደረገ። ጥቁሮቹ ዳር ቆመው በፍርሃት ያያሉ። የእውነቱ ኤፍቢአይ በዚያው በ1964 የማርቲን ሉተር ኪንግን ስልክ ይጠልፍ ነበር። ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋ ስም የለሽ ደብዳቤም ልኮለታል። ይህን ፊልም ውስጥ ማስገባት ግን ታሪኩን ያንዛዛል።

ጣልያኖች ደግሞ ነገሩን አሳጥረውታል። «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» በነጻነት ይኖር የነበረ፣ ታፍኖ ለባርነት የተሸጠ የጥቁር ሰው እውነተኛ ታሪክ ነው። ብራድ ፒት መጨረሻው አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ይላል፤ እንደገመታችሁት ደግ ሰው ሆኖ። ለጣልያን ሲኒማ ቤቶች ከተሠሩት ፖስተሮች አንዱ ላይ የብራድ ፒት ፊት ግድግዳ ያህል ሆኖ ወጣ። ባሪያ የተደረገው ሰውዬ ከታች በኩል፣ በትንሹ፣ ሲሮጥ ይታያል። ጩኸት ሲበዛ ፖስተሩን ሰበሰቡት። ጣልያን ጥቁርን አሳንሶ ማየት የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ አድዋም ላይ ሞክሮታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግኝት ግን መኪናው ነው። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር መኪና ውስጥ አስገባህ ማለት ዘረኝነት አለቀለት ማለት ነው። በ1990 የምርጥ ፊልም ኦስካር የወሰደው «ድራይቪንግ ሚስ ዴዚ» ነበር። ጥቁር ሹፌር ነጭ ባልቴት ይዞ ይዞራል፤ የአትላንታ 25 ዓመት በ99 ደቂቃ ታጥቦ ይወጣል። ለዚያው ኦስካር ጥቁሩ ዳይሬክተር ስፓይክ ሊም «ዱ ዘ ራይት ቲንግ»ን አቅርቦ ነበር። መጨረሻው ላይ ብሩክሊን ውስጥ ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት አንቆ ይገድላል። ለምርጥ ፊልም አልታጨም። ልክ ናቸው። ፖሊስ ጥቁር አንቆ ሲገድል የት ታይቶ ያውቃል?

ያኔ አንዳንድ ሃያሲ ጥቁር ተመልካች ይህን ካየ ረብሻ ያስነሳል ብሎ ፈርቶ ነበር። አልተነሳም። በ1915 ጥቁር አሳዳጁን የነጮች ቡድን ኩ ክለክስ ክላንን ጀግና አድርጎ ያቀረበው «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ግን ዋይት ሐውስ ውስጥ ታየ። ሞቶ የነበረው ክላንም በዚያው ዓመት እንደገና ተመሠረተ። ለዚህኛው ቤተ መንግሥት፣ ለዚያኛው ስጋት። እንግዲህ ግምት ነው፤ ሁልጊዜ ልክ አይመጣም።

በ2019 ስፓይክ ሊ ሌላ ፊልም ይዞ መጣ። ተሸነፈ። ያሸነፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? «ግሪን ቡክ»። ይሄም መኪና ነው! ግን መሻሻል አለው፤ አሁን የሚነዳው ነጩ ነው፣ ጥቁሩ ከኋላ ተቀምጧል። 29 ዓመት ጠብቀን መሪው ከጥቁር እጅ ወደ ነጭ እጅ ተሻገረ። ይህ እድገት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ስፓይክ ሊ «ሰው ሰውን በነዳ ቁጥር እኔ እሸነፋለሁ» ብሎ ቀለደ። በእርግጥ ለስክሪፕቱ ኦስካር ሰጥተውታል። ሌላ ምን ፈለገ?

«ግሪን ቡክ» ስሙን የወሰደው ቪክቶር ግሪን የተባለ የሃርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ጥቁር መንገደኛ የት ቢያድር፣ የት ቢበላ እንደማይባረር የሚያሳይ መመሪያ ነበር። ፊልሙ ለመጽሐፉ ብዙ ጊዜ የለውም። ለሹፌሩ አለው፤ ምክንያቱም ስክሪፕቱን ከጻፉት አንዱ የሹፌሩ ልጅ ነው። ከኋላ የተቀመጠው የፒያኖ ሊቅ የዶን ሸርሊ ቤተሰቦች «የእኛ ሰው እንዲህ አልነበረም» ብለው ተቃውመዋል። ግን ለእነሱ ማን ስክሪፕት ሰጣቸው? ከሁሉ የነካኝ ትዕይንት የዶሮው ነው። መኪናው ውስጥ ነጩ ሹፌር ለጥቁሩ ሊቅ የተጠበሰ ዶሮ በእጅ መብላት ያስተምረዋል። ሦስት ኦስካር።

በመጨረሻ ስለ አንድ የእኛ ሰው ላንሳ። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልደው ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። በ1993 ስለ ባርነት ዘመን «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም ሠሩ። ባሮቹ ራሳቸው ይመካከራሉ፣ ራሳቸው ያምፃሉ። በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ። የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን ፊታቸውን አዞሩበት። ጋሽ ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰለፈላቸው። በ2021 ኔትፍሊክስ አወጣው። በዚያው ዓመት ኦስካር ሰጪው አካዳሚ ሙዚየሙን ሲከፍት ጋሽ ኃይሌን ሸለማቸው። 28 ዓመት ለኦስካር ሰዎች ምንም አይደለም፤ ሃቲን በሌላ የቤት ሠራተኛ ለመተካት 72 ዓመት ጠብቀዋል።

ግን ጋሽ ኃይሌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥፋቱ የእርስዎም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ደግ ፈረንጅ ይጠፋል? በዚያ ዘመን መኪና አልነበረም ይሉኝ ይሆናል። መርከብ ግን ነበር። መርከብ ደግሞ ካፒቴን አለው። እሱን ትንሽ አዛኝ ቢያደርጉት፣ ከባሮቹ ከአንዱ ጋር ዶሮ ቢያበሉት፣ አከፋፋዮቹ በርዎ ላይ ነበር የሚያድሩት።