መዋደድና እኩልነት አንድ አይደሉም

ወንድሜ፣ «ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን የበላይ የበታች ሳይባባሉ ነው የኖሩት» ብለሃል። መዋደዱ እውነት ነው። እኔም ወሎዬ ነኝ፤ በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ሲኖር አይቻለሁ። እኩልነቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በ1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ። አፄ ዮሐንስም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ከወሎ ሙስሊም ገዥዎች አንዱ የነበሩት ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። ሹመት የፈለገ ይጠመቅ ነው ነገሩ! የወሎው የእስልምና ሊቅ ሼህ ጦልሐ እምቢ ብለው አመፁ። ተራው ሰውስ? ብዙው የቀን ክርስቲያን፣ የሌት እስላም ሆኖ አሳለፈው።

ጎረቤት ቡና ይጠራራ ነበር፣ አዋጁ ግን ያበላልጥ ነበር። የሙስሊም በዓላት እንኳ በአገር ደረጃ የታወቁት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው።