አዲሱ የሲግናል ተቆጣጣሪ መጀመሪያ ባቡር ማቆም ይማር

የባቡር ድርጅቶች የሲግናል ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ለባቡሮች የማለፍና የመቆም ምልክት የሚሰጥ ሰው፣ ለመቅጠር የሚያወጡት ማስታወቂያ የትም አገር ቢሆን ይመሳሰላል። አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪ አይጠይቅም። የተረጋጋ መንፈስ፣ የሚሰማ ጆሮ፣ ቀለም የሚለይ ዓይንና በፈረቃ ለመሥራት ፈቃደኝነት ይበቃል፤ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ መሆን ደግሞ በምርመራ ይረጋገጣል። ሥራው ምን እንደሆነ ሲገለጽ ባቡሮችን «በደኅንነትና በሰዓቱ» ማስተናገድ ይባላል። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን፣ እኩል ክብደት እንዳላቸው ተደርገው ይቀመጣሉ። እኔ እኩል አይደሉም እላለሁ። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት ባቡር ማቆምን፣ ያለ ፍርሃት ማቆምን መማር አለበት። ብዙ ድርጅቶች ግን አስበውትም ይሁን ሳያስቡት የሚያስለምዱት ተቃራኒውን ነው።

በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል እንጂ እንደ መኪና ጎማ መሬት አይቆነጥጥም። አሽከርካሪው ከፊቱ የቆመውን ነገር በዓይኑ ካየው አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ስለዚህ ሐዲዱ ባዶ መሆኑን የሚያውቅለትና አረንጓዴ የሚሰጠው ሌላ ሰው አለ። መስመሩ በክፍል በክፍል ተለይቶ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ ይገባል። በ1889 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አየርላንድ ውስጥ አርማ በተባለች ከተማ አቅራቢያ 80 ሰዎች በግጭት ከሞቱ በኋላ፣ የብሪታንያ ፓርላማ ይህንን አሠራር ለመንገደኛ ባቡሮች በዚያው ዓመት ግዴታ አደረገው።

መሣሪያው ከዚያ በፊትም ጀምሮ የሰውን ስህተት ለመያዝ ሲሻሻል ቆይቷል። ጆን ሳክስቢ በ1856 ሲግናልንና የሐዲድ መቀየሪያን (ባቡሩን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላ የሚያዛውረውን) አንድ ላይ የሚያንቀሳቅስ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ይህ ሐሳብ አድጎ ሁለት የሚጋጩ መንገዶች በአንድ ጊዜ እንዳይከፈቱ የሚቆልፈው ኢንተርሎኪንግ ሆነ። ዊሊያም ሮቢንሰን ደግሞ በ1872 ሐዲዱ ራሱ በኤሌክትሪክ አማካይነት «ላዬ ላይ ባቡር አለ» የሚልበትን ትራክ ሰርኪዩት ይዞ መጣ። ዛሬ አንድ ተቆጣጣሪ ስክሪን ፊት ተቀምጦ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይከታተላል፤ በሰላሙ ቀን መንገዱን የሚያዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ነው።

ታዲያ ለሰውየው ምን ቀረለት? የቀረለት መሣሪያው የሚያቅተው ሰዓት ነው። ስክሪኑ ላይ ባቡር ሊኖርበት በማይገባ ቦታ ቀይ መስመር ይበራል። ትራክ ሰርኪዩቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ሐዲዱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በትክክል አንድ ነገር እዚያ አለ። መሣሪያው ሦስቱን ለይቶ አይነግረውም። ከቀዩ ሲግናል ፊት የቆመው ባቡር አሽከርካሪ ይደውላል፤ ከኋላው ሁለት ባቡር ተሰልፏል፤ የበላይ መቆጣጠሪያ ክፍሉ «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ይላል። አሁን ያንን ቀይ ሲግናል እንዲያልፍ በቃሉ የሚፈቅደው ተቆጣጣሪው ነው። ያን ጊዜ ኢንተርሎኪንጉ የለም፤ ያለው የእሱ ማመሳከር፣ የእሱ አነጋገርና ያስተላለፈውን ትእዛዝ አሽከርካሪው ቃል በቃል ደግሞ እንዲያነብለት ማድረጉ ነው። ሥልጠናው ሁሉ ለዚህ ሰዓት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ሰላሙን ቀን ማንም ይወጣዋል።

አዲስ ሠራተኛ በዚህ ሰዓት የሚፈራው ግጭትን አይደለም። ግጭት ሩቅ ነው፣ አይቶት አያውቅም። የሚፈራው መዘግየትን ነው፤ ምክንያቱም መዘግየት በየቀኑ ይቆጠራል። ብሪታንያ ውስጥ አንድ ባቡር 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከዘገየ ምክንያቱ ተፈልጎ በአንድ ወገን ስም ይመዘገባል፣ ገንዘብም ይከፈልበታል። አሠራሩ ለመንገደኛው ይጠቅማል፤ ልክ አይደለም አልልም። ግን በሌላ በኩል ባቡር አቁሞ አደጋ ያስቀረ ተቆጣጣሪ የሚመዘገብበት ዓምድ የለም። ሊሆን ይችል የነበረው አደጋ አልሆነምና ቁጥር የለውም። የቀረው ሰባት ደቂቃ መዘግየት ብቻ ነው፤ እሱም ስም ይፈለግለታል። አንድ ወጣት በሁለተኛ ሳምንቱ ይህን ካየ ምን ይማራል?

በዚህ ሙያ የሚሰለጥን ሁሉ ኩዊንቲንሺል የሚለውን የአደጋ ቦታ ስም ይሰማል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገርበት መንገድ አያረካኝም። ሜይ 22 ቀን 1915፣ ስኮትላንድ ውስጥ ግሬትና አጠገብ። የሌሊቱ ፈረቃ ተቆጣጣሪ ጆርጅ ሚኪን፣ የጠዋቱ ጄምስ ቲንስሊ። ርክክቡ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር፤ ሁለቱ ግን በመካከላቸው ተስማምተው ቲንስሊ በአካባቢው ባቡር ተሳፍሮ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ይደርሳል። ሚኪን ከ12 ሰዓት በኋላ ያስተናገዳቸውን ባቡሮች መዝገቡ ላይ አይጽፍም፤ በቁራጭ ወረቀት ይይዛቸውና ቲንስሊ ሲገባ በራሱ እጅ ጽሑፍ ይገለብጣቸዋል። መዝገቡን ያየ ሰው ቲንስሊ በሰዓቱ የገባ ይመስለዋል።

ያን ጠዋት ቲንስሊ የመጣበት ባቡር ከኋላው ለሚመጡ ፈጣን ባቡሮች መንገድ መልቀቅ ነበረበት። ባቡር ዘወር ብሎ የሚቆምባቸው የጎን ሐዲዶች ሁለቱም ተይዘው ስለነበር ወደ ተቃራኒው ዋና ሐዲድ ተሻግሮ በመቆጣጠሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። እንዲህ ሲሆን ሲግናሉን በሚያንቀሳቅሰው እጀታ፣ በሌቨሩ ላይ፣ የብረት ቀለበት ይጠለቃል፤ ሌቨሩ እንዳይሳብና የሚስበው እጅ እንዲያስታውስ። ቀለበቱ አልተጠለቀም። የባቡሩ እሳት አንዳጅ ደንቡ እንደሚያዘው ወደ መቆጣጠሪያ ቤቱ ወጥቶ መዝገቡ ላይ ፈረመ፤ ቀለበቱ መኖሩን ሳያይ ተመለሰ። ቲንስሊ አቀርቅሮ ከወረቀት ወደ መዝገብ ይገለብጣል። በዚያው መሃል ወታደር የጫነ ባቡር ይለፍ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ፤ ተቀበለው፣ ሲግናሉንም ለቀቀለት። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት እሱ ራሱ የወረደበት ባቡር ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ወታደሮቹን የጫነው ባቡር ከቆመው ጋር ተጋጨ፤ ወዲያው ከፈጣኖቹ ባቡሮች አንዱ ከፍርስራሹ ገባ፤ የእንጨቱን ሠረገላ እሳት በላው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቲንስሊ ሦስት ዓመት፣ ሚኪን 18 ወር ተፈረደባቸው።

ይህን ለሠልጣኝ የሚነግሩ ሰዎች «ደንብ አክብር» ብለው ያልፋሉ። እውነት ነው፤ ግን ቲንስሊ በዚያች ቅጽበት ሐሳቡን የወሰደው ምን እንደነበር ይታይ። ሰዓት ነው። በሰዓቱ ያልገባን ሰው በሰዓቱ የገባ ለማስመሰል ይጽፍ ነበር። አርፍዶ መግባቱ ራሱ ማንንም አልገደለም፤ መርፈዱን ለመደበቅ የተደረገው ግን ዓይኑን ከሐዲዱ ላይ አነሳው። አርፍጃለሁ ማለት የሚያስቀጣበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለ ቁራጭ ወረቀት በሆነ መልክ ይገኛል።

ልምድ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ደግሞ የጀርመኑ ባድ አይብሊንግ ያሳያል። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2016 በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው 12 ሰዎች ሞቱ። ተቆጣጣሪው ጀማሪ አልነበረም፤ በሥራ ላይ እያለ በሞባይሉ ጌም ይጫወት ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዋናውን ሲግናል መክፈት አልቻለም። ለምን እምቢ አለኝ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ለብልሽት ጊዜ በተቀመጠው ልዩ ሲግናል ባቡሩን አሳለፈ። ስህተቱን ሲያውቅ የአደጋ ጥሪ አደረገ፤ የተሳሳተ ቁልፍ ስለነካ ጥሪው ለአሽከርካሪዎቹ አልደረሰም። ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። የአደጋ ጥሪው በሥልጠና ጊዜ አንድ ቀን ታይቶ የሚታለፍ መሆን የለበትም። እጅ ሳያስብ እስኪያገኘው ድረስ በየወሩ ይደገም፣ ሃያ ዓመት የሠራውም ይደግመው።

ከዚያ ግሪክ አለች። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አልፎ፣ ቴምፒ። ከአቴንስ ወደ ተሰሎንቄ የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር በተሳሳተ ሐዲድ ላይ ተልኮ ከዕቃ ባቡር ጋር ተጋጨ፤ 57 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች። ላሪሳ ጣቢያ ላይ የነበረው ኃላፊ በቦታው አዲስ ነበር፣ በዚያች ሰዓትም ብቻውን። ስህተቱን ሊይዝለት ይችል የነበረው የሲግናልና የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮጀክት ውሉ በ2014 ተፈርሞ ያን ሌሊትም አላለቀም ነበር። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ለ12 ደቂቃ ያህል አንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ የሚያይ ስክሪን አልነበረም። የሰውየው ተጠያቂነት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። አንድ አዲስ ሰው፣ ያለ መሣሪያ፣ በሌሊት፣ ብቻውን እንዲቀመጥ የፈቀደው አሠራር ግን የእኛም ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለ አሠራር ከአንድ በላይ አገር አለና።

ስለዚህ ይህን ሥራ ለማመልከት የሚያስብ ሰው በቃለ መጠይቁ ላይ እሱም ይጠይቅ። ከሥልጠና ክፍሉ ስወጣ ከነባር ሠራተኛ ጋር ስንት ጊዜ ጎን ለጎን እቀመጣለሁ? ብቻዬን ለመሥራት ዝግጁ መሆኔን የሚወስነው ማነው፣ እኔስ ገና ነኝ ብል ምን ይሆናል? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልገባኝ ነገር ቢመጣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው አለ? ለእነዚህ መልስ ያለው ድርጅት ይሻላል፤ ደመወዙ ትንሽ ቢያንስም እንኳ።

ሥልጠናው ራሱ እንደ አገሩ ይለያያል። ጀርመን ውስጥ ሦስት ዓመት የሚፈጅ የሙያ ትምህርት አለ፤ ከሌላ ሥራ ለሚመጡ ደግሞ በወራት የሚያልቅ አጭር መንገድ። ብሪታንያ የመነሻ ትምህርቱን በሳምንታት ትጨርስና ቀሪውን በተመደቡበት ቦታ ታስለምዳለች። አጭሩ መንገድ መጥፎ ነው አልልም፤ ሕግና ደንብ በወራት ይጠናል። በወራት የማይጠናው ቦታው ነው፤ የትኛው ማቋረጫ ላይ ሰዎች እንደሚቸኩሉ፣ የትኛው መቀየሪያ በብርድ እንደሚያስቸግር።

ማቋረጫውን ካነሳሁ አንድ ጥሪ ላሳይ። መዝጊያ በሌለበት፣ ስልክ ብቻ በተተከለበት የእርሻ ማቋረጫ ላይ አንድ ሰው ይደውላል። «ባቡሩ አሁን አለፈ፣ ልሻገር?» አነጋገሩ የተረጋጋ ነው፣ ባቡሩም በእርግጥ አልፏል። ጀማሪው እሺ ሊል ይቃጣዋል። ነባሩ ይጠይቃል፦ የትኛው ማቋረጫ ላይ ነዎት፣ ስሙን ያንብቡልኝ። በምንድን ነው የሚሻገሩት? ትራክተር ከነተጎታቹ፣ ጭነት አለው። ስንት ደቂቃ ይወስድብዎታል? ሦስት፣ አራት። ከዚያ ስክሪኑን ያያል፤ ከወዲያኛው አቅጣጫ ሌላ ባቡር ክፍሉ ውስጥ ገብቷል፤ ክፍሉ ረጅም ስለሆነ ባቡሩ የት እንደደረሰ በትክክል አይታይም። «አይሻገሩ። ሌላ ባቡር እስኪያልፍ ይጠብቁና መልሰው ይደውሉልኝ።» ሰውየው ይበሳጫል። ይበሳጭ።

ይህ ሥራ በቅርቡ ይጠፋል የሚሉ አሉ፤ ሲግናሉ ከሐዲድ ዳር ተነቅሎ ወደ አሽከርካሪው ክፍል እየገባ ነው፣ ኮምፒውተሩም ጎብዟል ይላሉ። የሰው ቁጥር መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን በየጣቢያው የነበሩት ተቆጣጣሪዎች ወደ ጥቂት ማዕከሎች ሲሰበሰቡ አንዱ ሰው የሚይዘው መስመር ሰፋ፣ ብልሽት ሲመጣም በአንድ ጊዜ የሚደውሉለት አሽከርካሪዎች በዙ። ሰው ሲያንስ የእያንዳንዱ ጀማሪ ዝግጅት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ድርጅቶቹን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ ብዙ አይፈጁም። አንደኛ፣ ተቆጣጣሪ ለደኅንነት ብሎ ባቡር ሲያቆም መዘግየቱ በስሙ ሳይሆን በተለየ መዝገብ ይያዝ፤ በኋላ ምንም አደጋ እንዳልነበረ ቢታወቅም። ሁለተኛ፣ ማንም ጀማሪ ብቻውን እንዲሠራ ከመፈቀዱ በፊት በሲሙሌተር (እውነተኛውን ሥራ በሚያስመስል የሥልጠና መሣሪያ) ላይ ይህ ፈተና ይሰጠው፦ አጠራጣሪ ምልክት ይምጣበት፣ አለቃ መስሎ የሚያጣድፈው ሰው ስልክ ላይ ይሁን፣ እሱም ባቡሮቹን ሁሉ ያቁም። መጨረሻ ላይ ሐዲዱ ባዶ እንደነበር ይነገረው። ከዚያም አሠልጣኙ አልፈሃል ብሎ ይፈርምለት።