ጣና ዳር የሚዘረጋው ጠረጴዛ የማን ነው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ከባለሀብቶችና በውጭ አገር ከሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች በሚሰበሰብ ቋሚ ገንዘብ የፖሊሲ ውይይትን፣ ሳይንስንና የባህል ልውውጥን የሚያግዝ የግል ፋውንዴሽን በባሕር ዳር ይቋቋም ወይስ አይቋቋም? «ይቋቋም» የምትለው የሐይቅ ተመራማሪ ናት። «አይቋቋም» የሚሉት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው።

ተመራማሪዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ፋውንዴሽን ከማውራቴ በፊት ስለ ዓሳ ልናገር፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ከጣና በቀር በየትም ውኃ የማይገኙ ወደ 15 የሚሆኑ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉን። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው በጉማራና በርብ ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ፣ ጠጠር ባለበት ውኃ ነው። ወንዙን ለመስኖ የሚጠልፈው ገበሬ፣ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋው አስጋሪ፣ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወስዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም የዚያን ዓሳ ዕድል በእጃቸው ይዘዋል። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ነው የሚሠራው። አንድ ላይ ተቀምጠው «የእኔ ውሳኔ በአንተ ላይ ምን አደረሰ?» የሚባባሉበት ቋሚ ቦታ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሁለተኛው ሕመሜ የምርምር ገንዘብ ነው። እኔ በሠራሁበት የውኃ ልኬት መዝገብ ላይ ባዶ የሆኑ ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት ሐይቁ የትም አልሄደም፤ ፕሮጀክቱ አልቆ ለጀልባዋ ነዳጅ የሚገዛ ጠፋ እንጂ። እምቦጭ ደግሞ የበጀት ዓመት አይጠብቅም። ፋውንዴሽን ከፕሮጀክት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ዋናው ገንዘብ አይነካም፣ የሚወጣው ትርፉ ነው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 የተቋቋመው የኖቤል ፋውንዴሽን ዛሬም ሽልማት የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው።

ሐይቅ ዳር ስለመነጋገርም ምሳሌ አለኝ። የሮክፌለር ፋውንዴሽን በዚያው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1959 በጣሊያን ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ቤላጂዮ በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ ቤት በስጦታ አገኘ። የሳይንስ፣ የፖሊሲና የኪነ ጥበብ ሰዎች እዚያ እየተገናኙ ይነጋገራሉ። ከ1969 ጀምሮ በዚያ ቤት የተደረጉ ስብሰባዎች በ1971 ዓለም አቀፉን የግብርና ምርምር ማዕከላት ጥምረት ወለዱ። አዲስ አበባ ያለው የእንስሳት ምርምር ተቋምም የዚሁ ጥምረት አባል ነው። ኮሞ ዳር የተደረገ ወግ እኛ ላሞች ድረስ ከመጣ፣ ጣና ዳር የሚደረግ ወግ ጎርጎራ ድረስ እንዴት አይደርስም?

መምህሩ፦

ልጄ፣ ስለ ዓሳው የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ቤላጂዮ የጻፍሽው ግን ለእኔ ወገን ነው የሚመሰክረው። በ1969 በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት የትልልቅ እርዳታ ድርጅቶች ኃላፊዎች ነበሩ። ስለ ድሃው ገበሬ እርሻ ሲመከር ገበሬው እርሻው ላይ ነበር።

ጣናም ይህን በደንብ ያውቀዋል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1925 መጨረሻ እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋውጠው፣ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ፣ ጣሊያን ደግሞ በአገራችን የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋ ሊደጋገፉ ተስማሙ። ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በቀጣዩ ዓመት ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነበር፦ ደብዳቤው የተጻፈው በማን ወረቀት ላይ ነው?

የባህል ልውውጥ ያልሽውንም ላንሳ። ጀርመናዊው ምሁር ኤርነስት ሐመርሽሚት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ቀረጸ። መልካም ሥራ ነው፤ መጽሐፍ ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ ምስጥ ይበላዋል። ዝርዝራቸው የታተመው ግን በጀርመንኛ ነው። ግዕዙን በቃሉ የሚያወርደው የገዳሙ መምህር የገዛ መጻሕፍቱን ዝርዝር ማንበብ አይችልም። ልውውጥ ማለት ሁለቱም ወገን ሲሰጥና ሲቀበል ነው።

ገንዘቡ የራሳችን ሰዎች ነው ትዪኛለሽ። የእኔ ትልቁ ፍርሃት ደግሞ እሱ ነው። የሐይቁ ዳር ዛሬ ውድ መሬት ነው። ዳሩን ይዞ ሆቴል የሠራ ሰው ስለ ሐይቁ ዳር ለሚደረግ ውይይት ወጪውን ሲከፍል፣ ምሳውን የበላ ምሁር ፊት ለፊት ሊቃወመው ይሉኝታ አይይዘውም? ጉቦ እንኳ አያስፈልገውም፤ ይሉኝታ ብቻ ይበቃል።

እኔ የማውቀው የተሻለ ጠረጴዛ እድር ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ ዳኛው ተመርጦ ይወጣል፣ ካልሠራ ይወርዳል። አስጋሪው፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው የወይጦ ሰው፣ የዘጌ ቡና አምራች፣ ገዳማቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ያዋጡ።

ተመራማሪዋ፦

ስለ ቤላጂዮ ትክክል ነዎት። ያን ስጽፍ ማን እንደተቀመጠ ሳይሆን ምን እንደተወለደ ነበር የታየኝ። ስለዚህ ሐሳቤን ላሻሽል፦ ከቦርዱ አባላት ግማሹ ገንዘብ ያላዋጡ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ይሁኑ፤ በሐይቁ ዳር መሬት የያዘ ሰጪ በመሬት ጉዳይ ድምፅ አይኑረው፤ ቃለ ጉባኤውና የምርምር ውጤቱ መጀመሪያ በአማርኛ ይውጣ።

ነገር ግን ጋሼ፣ ስለ ብራናዎቹ ያሉት ለእኔም ይመሰክራል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ቅጂ አዲስ አበባም እንዲቀር አድርጓል፤ ካታሎጉን በማዘጋጀትም ጌታቸው ኃይሌን የመሰለ የአገር ልጅ ደክሞበታል። ልዩነቱን ያመጣው እዚህ የሚረከብ ተቋም መኖሩ ነው። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ከመመዝገቡ በፊት የአዋጭነት ጥናት የሠራልን ማን ነበር? ሚካኤል ሱኮው የተባለው የጀርመን የግል ፋውንዴሽን ነው። የመሠረተው ከበርቴ አይደለም፤ የሥነ ምህዳር ፕሮፌሰር በሽልማት ገንዘቡ አቆመው። ከግራይፍስቫልት የመጣ ፋውንዴሽን ለጣና ሲያስብ፣ ከባሕር ዳር የሚነሳ አንድ እንኳ አለመኖሩ ያሳፍረኛል።

ሕጉም ቢሆን ተለውጧል። በአዋጅ 621/2001 ዘመን ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ መሥራት አይችልም ነበር። አዋጅ 1113/2011 ያን አጥር አንሥቶታል።

መምህሩ፦

የመሬቱን ድምፅ በተመለከተ ያስቀመጥሽውን ከልቤ ተቀብያለሁ። ግማሽ ቦርድ ግን አይበቃኝም። ግማሽ ማለት ሊቀመንበሩ ባዘነበለበት የሚወድቅ ማለት ነው፤ ከግማሽ በላይ ይሁን፣ ሊቀመንበሩንም እነሱ ይምረጡ። የመጀመሪያው ስብሰባ ደግሞ ሆቴል ውስጥ አይደረግ። ዘጌ ላይ፣ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት በታች ካለው የጀልባ መውረጃ አጠገብ፣ ቡናው ጥላ ሥር ይሁን። አጀንዳውን አስጋሪዎቹ ያንብቡት። ያን ጊዜ እኔም እመጣለሁ፤ እስከዚያ «አይቋቋም» እንዳልሁ ነኝ።

ተመራማሪዋ፦

ከግማሽ በላይ ይሁን፣ ዘጌም ይሁን። እድሩንም አልጠላሁም፤ የጀልባ ሞተር ለ20 ዓመት ሊያንቀሳቅስ ከቻለ እኔ የመጀመሪያዋ አዋጪ ነኝ። ዓሳዎቹ ግን ዝናቡ እንደጠነከረ ወደ ጉማራ መውጣት ይጀምራሉ፣ መዝገቤም ዘንድሮ እንደገና ባዶ ሊሆን ነው። የነዳጁ ገንዘብ ከየትኛውም ወገን ይምጣ፣ ሰኔ ሳይገባ እፈልገዋለሁ።