እስክሪብቶ የተሸለመው ሰይፍ

ቅዳሜ ማታ ራት እንደበላን የእህቴ ልጅ ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑን ጋረደኝ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ አዲስ ጫማ ለምን እንደሚያስፈልገኝ በሦስት ነጥብ አስረዳሃለሁ" አለኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ "የማሳመን ክህሎት" ማስተማር ጀምሯል። አሰልጣኙ ከአርስቶትል ነው የተነሳው። ተናጋሪው ይታመን፣ የሰሚው ስሜት ይነካ፣ ማስረጃም ይቅረብ። ልጁም በዚያው ተራ መጣብኝ።

"አንደኛ፣ እኔ ታማኝ ነኝ። ባለፈው ዳቦ ስትልከኝ መልሱን አምጥቻለሁ።"

አምስት ብር ጎድሎ ነበር። ዝም አልኩ።

"ሁለተኛ..." ሲል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። እጁን መቼ ደረቱ ላይ እንደሚያደርግ ሁሉ ተምሯል!

እኛን ያሳደጉን "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እያሉ ነው። ይህን ተረት እወደዋለሁ። አንድ አጎቴ ደግሞ ከእኔ ይብስ ይወደው ነበር። እሱን ሲያብራራልን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ዝንቧም መግቢያ አታጣም።

ደግሞ ሙግት ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? የበላ ልበልሃ አገር እኮ ነው! ድሮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተጣላ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርጎ ዛፍ ሥር ይሟገታል። ማር ይወራረዳል፣ በቅሎ ይወራረዳል። "እሰጥ አገባ" የምንለው የዚያ ውርርድ ትራፊ ነው። በቅሎውን ያስያዘ ሰው አፉን ሲከፍት ይጠነቀቃል። የእህቴ ልጅ ምን አስያዘ? የእኔን ደመወዝ።

እኔም በጊዜዬ ተከራካሪ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል፣ "ከብዕርና ከሰይፍ ማን ይበልጣል?" ለብዕር ቆምኩ። ሦስት ሌሊት ጻፍኩ። ባላጋራዬ ተነስቶ "ክቡራን ዳኞች፣ ዓድዋ ላይ ጣሊያንን በእስክሪብቶ ነው እንዴ ያባረርነው?" አለ። ሰልፉ በጭብጨባ ቀለጠ። አለቀ።

ጠቡን ያመጣው እኮ ብዕር ነው! የውጫሌ ውል አንቀጽ 17! አማርኛው "ይቻላቸዋል" ይላል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ይህ መልስ የመጣልኝ ግን ማታ አልጋ ውስጥ ነው። 30 ዓመት አለፈው፤ አሁንም አልጋ ውስጥ እረታዋለሁ። ለሰይፍ የተሟገተው ልጅ ምን ተሸለመ? እስክሪብቶ።

የሚያናድደኝ ይኼ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ተማሪ ስለ ሰይፍ ሲከራከር ይጨበጨብለታል። "መምህር፣ ማርኬ ለምን ጎደለ?" ብሎ የተከራከረ ዕለት ግን "አፈኛ! ወላጅ ይዘህ ና" ይባላል። ክርክሩ ሰይፍና ብዕር ላይ ብቻ እንዲቀር ከሆነ ቅዳሜውን ለምን ያቃጥሉበታል? ይተኛበት!

ጫማው... አዎ። ልጁ ሁለተኛው ነጥብ ላይ እጁ ደረቱ ላይ እንዳለ ቆሟል። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስኒ ታጥባለች። ቀና አላለችም።

"ተው ልጄ፣ አጎትህን አታስጨንቀው" አለችው። "የለውም።"

ሰኞ ከሥራ መልስ ጫማ ተራ ነበርን። ልጁ ስንመለስ ካርቶኑን አቅፎ ታክሲ ውስጥ "ጋሼ፣ ሦስተኛውን ነጥብ እኮ አልሰማህም" አለኝ።