ይበል የሚያሰኙት ሃያሲያችን

በዚህች አገር ስለ ፊልም የሚጽፍ ሰው የሚገባውን ክብር አግኝቶ አያውቅም። ተዋናዩ ይሸለማል፣ ፕሮዲዩሰሩ በቀይ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ በየሳምንቱ በጋዜጣው የመጨረሻ ገጾች፣ በእንቆቅልሹና በጨረታ ማስታወቂያው መካከል ተጣበው፣ ማንንም ሳያስቀይሙ ሙሉ ዓምድ የሚሞሉትን ሃያሲ ግን የሚያስታውሳቸው የለም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን በጅማ የምንኖር አንባቢዎቻቸው፣ ዘግይቶም ቢሆን ምስጋናችንን ልናቀርብላቸው ወድደናል። ስማቸውን አልጠራም፤ የሚጠራ አንድ ስም የላቸውምና። በየጋዜጣው በተለያየ ስም ቢጽፉም እርሳቸው አንድ ሰው ናቸው፤ ይህን የሚጠራጠር ካለ ሁለት ጋዜጣ ገዝቶ ጎን ለጎን ያንብብ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው ሚዛናዊነታቸው ነው። በቅርቡ ከወጡት ፊልሞች አንዱን እንውሰድ፦ ድሃው ወጣት ሀብታም መስሎ የባለጸጋ ልጅ ያፈቅራል፣ ልጅቷ ደግሞ በተራዋ ድሃ መስላ ትቀርበዋለች፣ ሁለቱም በአንድ ቪላ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይጯጯሃሉ፣ በመጨረሻም ይጋባሉ። ሃያሲያችን በሁለተኛው አንቀጻቸው ላይ «ታሪኩ የተለመደ ቢሆንም አቀራረቡ አዲስ ነው» አሉ። በአምስተኛው አንቀጽ ደግሞ «አቀራረቡ የተለመደ ቢሆንም ታሪኩ ትኩስ ነው» አሉ። ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ ያነበበ ሰው፣ ፊልሙን ለማየት ቢሄድም አልተሳሳተም፣ ከቤቱ ቢቀርም አልተሳሳተም። አንባቢውን በሁለቱም መንገድ ትክክለኛ የሚያደርግ ጽሑፍ ከየት ይገኛል? ቀጥሎ የመጣው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ገዳዩ ማን እንደሆነ በአሥረኛው ደቂቃ ላይ ያሳወቀ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ተመልካቹን አላስፈላጊ ከሆነ ጭንቀት ገላግሏል፤ ይሁን እንጂ ጭንቀቱ ትንሽ ቢረዝም መልካም ነበር» ብለው አለፉት። በታሪካዊው ፊልም ላይ ጦር ሜዳው መሐል የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቆሞ ስለ መታየቱ ምንም አላሉም። አገር እየበራች መሆኗን ለምን ይነቅፋሉ?

ይሁን እንጂ (ይህችን ቃል ከእርሳቸው ነው የተማርኩት) የጥበባቸው ጥልቀት የሚታየው በምስጋናና በወቀሳ አከፋፈላቸው ነው። ምስጋናቸው ሁልጊዜ ባለቤት አለው። መሪ ተዋናይቷ ከነአባቷ ስም ትጠቀሳለች፤ ዳይሬክተሩ ከዚህ በፊት የሠራቸው ሥራዎች ተዘርዝረው «ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበሰለ መጥቷል» ይባልለታል፤ ፕሮዲዩሰሩ «ኪሱን ሳይሰስት» ተብሎ ይመሰገናል። ወቀሳው ግን ወላጅ የሌለው ነው። ድምፁ ተቆራርጧል፣ መብራቱ ደብዝዟል፣ ትዕይንቶቹ ተንዛዝተዋል፣ መጨረሻው ተቻኩሏል። ማን ቆራረጠው፣ ማን አደበዘዘው ተብሎ አይጠየቅም። ድምፁ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ፣ ከማንም ጋር ሳይማከር፣ ራሱን የቆራረጠ ነው የሚመስለው። በሃያሲያችን ዓለም የአማርኛ ፊልም በብርቱ ሰዎች ተሠርቶ፣ በግዑዛን ነገሮች ተበላሽቶ የሚወጣ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ እኛ ጅማዎች አንዲት ትንሽ ቅሬታ ብናቀርብ ይቅር ይበሉን። በክረምት የእኛ ዝናብ በቪዲዮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፣ እንኳን የተቆራረጠውን ያልተቆራረጠውንም ድምፅ የሚሰማ የለም። ተመልካቹ የተዋናዮቹን ከንፈር እያየ የራሱን ንግግር ይሞላል፤ አንዳንዴም የሞላው ከተጻፈው ይሻላል። ስለዚህ ጉድለቱን ሁሉ በድምፁ ላይ የጫኑበት ሂስ ለእኛ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ምንም አይነግረንም።

ክፉ ሰዎች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ስለሚፈሩ ነው ይላሉ። ፍርሃት አይደለም፤ አብሮ መኖር ነው። ዓርብ ምሽት በፊልሙ ምርቃት ላይ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወንበር የተጠበቀላቸው፣ ከምርቃቱ በኋላ እራት የተጋበዙ፣ በማግሥቱ ከዳይሬክተሩ ጋር በአንድ ካፌ የሚገናኙ ሰው ምን ይጻፉ? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ደግሞስ ፊልም ሠሪው ቤቱን ወይም መኪናውን ሸጦ የሠራ ሊሆን ይችላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ ዩቲዩብም ሳሎናችን ድረስ ከገባ ወዲህ፣ ሲኒማ ቤት የሚሄደው ሰው መቀነሱን ሁሉም ያወራል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ክፉ ቃል ኢንዱስትሪውን ጭራሽ ቢገድለውስ? ይህ ርኅራኄ ከልብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ከከተማችን ሰፈር ከመንደራ ቆጪ ተነሥቶ፣ ለባጃጅ ከፍሎ፣ ለትኬት ከፍሎ፣ ለጓደኛውም ለስላሳ ጋብዞ ሁለት ሰዓት የተቀመጠው ልጅም አንድ ነገር ሸጦ ሊሆን እንደሚችል ግን ርኅራኄያቸው ገና አልደረሰበትም። እርሱ ወደ ምርቃቱ አልተጋበዘም፤ ቅዳሜም ካፌ ውስጥ አይገናኛቸውም።

ከእርሳቸው ጋር ስናወዳድራቸው በጣም የምናፍርባቸው ሰዎች በዚሁ በከተማችን አሉ፤ ቡና ቀማሾቹ። ናሙናው ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ ፍል ውሃ ፈስሶበት በስኒ ይደረደርላቸዋል፤ እነርሱም በማንኪያ እየጨለፉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ በኃይል እየሳቡ፣ አፋቸው ውስጥ እያንከባለሉ ይተፉታል፤ ከዚያም ቁጥር ይጽፋሉ። ከመቶው 40 የሚያዘው ለጥሬው ፍሬ፣ 60 የሚያዘው ለስኒው ነው። ናሙናው በኮድ ስለሚቀርብላቸው ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም፤ ለማወቅም አይጠይቁም። እንዴት ያለ ጨዋነት የጎደለው ሥራ ነው! ገበሬው ስንት ጊዜ እንደ ለፋ፣ ነጋዴው ከማን እንደተበደረ፣ ዘርፉ ምን ዓይነት ፈተና ውስጥ እንዳለ አንዳች ሳያነሡ፣ መሬት ላይ የደረቀውን ቡና «የአፈር ጣዕም አለው» ብለው ይጽፉበታል። ዝቅ ያለው ደረጃ 5 የወጣለት የጅማ ቡና «ጅማ 5» ተብሎ ዓለም ገበያ ድረስ ይሄዳል፤ ማንም «ወደ 2 የሚጠጋ፣ ይበል የሚያሰኝ 5» ብሎ አያቆላምጠውም። ሃያሲያችን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ቡናውን በመጀመሪያ ይውጡት ነበር፤ መትፋት ባለቤቱን ያስከፋልና። ቀጥለውም «የአፈር ጣዕሙ ለአገር ምድር ያለውን ቅርበት ያሳያል፤ ሆኖም አፈሩ ትንሽ ቢቀንስ የበለጠ ይደምቅ ነበር» ብለው ይጽፉ ነበር። ያን ጊዜ የቡና ንግዳችን ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ብቻ ያስደስታል።

የሚቆጨኝ ቀደም ብለው አለመወለዳቸው ነው። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ብሎ በርዕሱ ሲጠይቅ፣ ተመልካቹ መልሱን ለማግኘት ገንዘብ ከፍሎ መግባት ግድ ሆኖበት ነበር። እርሳቸው በጊዜው ቢኖሩ «በአንድ በኩል አባቷ አለ፤ በሌላ በኩል ግን አባትነቱ ገና ሊሠራበት የሚገባ ነው» ብለው ጉዳዩን በሰላም በጨረሱት። ከአገር ውጭም ቢሆን ብዙ ባስተማሩ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን ይዞ ሲመለስ ሁላችንም ደስ አለን፤ ነገር ግን እነዚያ ዳኞች አንዱን መርጠው ሌሎቹን በመተዋቸው ስንት ፊልም ሠሪ ከፍቶት ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ያሰበ ማን አለ? ሃያሲያችን በዳኞቹ ወንበር ላይ ቢኖሩ ሽልማቱ ለተሳታፊዎቹ በሙሉ በእኩል ይከፋፈል፣ ለአዳራሹ መብራት ባለሙያም ወቀሳው ይደርሰው ነበር።

አንባቢ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ከዓመታት ልምድ በኋላ ጅማ ላይ የእርሳቸው ጽሑፍ የሚነበብበት ሥርዓት ወጥቶለታል። ከአዲስ አበባ በመጣው አውቶቡስ ጋዜጣው ከደረሰ በኋላ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ የሚቀመጡ፣ በቅምሻ ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እርሳቸው ዘንድ ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ ይህን ፊልም ልግባ ወይስ ልቅር?»

«ምን ብለው ጻፉ፣ ልጄ?»

«ጥረቱ ሊበረታታ ይገባል ብለዋል።»

«ጥረት ካሉ ገንዘብህን ያዝ።»

ትርጓሜው እንዲህ ሰፊ ነው። «የድምፅ ችግር አለበት» ማለት ተዋናዮቹ መናገር አይችሉም ማለት ነው። «የካሜራ ሥራው ዐይን ይማርካል» ከተባለ ታሪክ የለውም፤ «የአገራችንን ውብ መልክዓ ምድር አስተዋውቋል» ከተባለ ደግሞ ታሪክም ተዋናይም የለውም። «ለቤተሰብ የሚሆን» የተባለው ቤተሰቡን ሁሉ ያስተኛል። «ብዙ የሚያነጋግር» የተባለውን ያየ ሰው አዳራሹ ውስጥ እያለ ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ያመሻል። «ጊዜውን የዋጀ» ለሚለው ሐረግ ጋሼም ትርጉም አጥተውለታል፤ ምናልባት ሃያሲያችንም እንደዚሁ። በጽሑፉ መጨረሻ «ተመልካች ይፍረድ» የሚል ካለ ግን ሃያሲያችን ፊልሙን እስከ መጨረሻው አላዩትም፤ ይህ እስካሁን አንድም ጊዜ አልሳተንም። ሁሉንም በወግ ከተረጎሙት ከእርሳቸው ጽሑፍ ውስጥ የቡና ቀማሹን ያህል ግልጽ የሆነ ቁጥር ይወጣል። እንዲያውም እውነቱን ሁልጊዜ ጽፈውታል፤ ያነበበው እንዳይከፋበት አድርገው ነው እንጂ። ሠሪው ምስጋናውን ቆርጦ ፖስተሩ ላይ ይለጥፋል፣ እኛ ወቀሳውን ተርጉመን ቤታችን እንቀራለን፣ ጋዜጣው ማስታወቂያውን አያጣም። እንዲህ ሦስት ወገን በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ጸሐፊ አለ ወይ?

በእነዚህ የመጨረሻ ሳምንታት ግን አንድ ነገር አሳስቦናል። የመተርጎማችን ወሬ አዲስ አበባ ሳይደርስ አልቀረም፤ ሃያሲያችን ስለ ድምፅ መጻፍ በድንገት አቆሙ። ጥረትም ጠፋ፣ መልክዓ ምድርም ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ስለ አዲሱ የፍቅር ፊልም በጻፉት ረጅም ሂስ ውስጥ ስለ ፊልሙ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ፈልገን አላገኘንም። ጋሼም መነጽራቸውን አድርገው፣ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ አገላብጠው፣ ለልጆቹ ምንም ሳይሉ መልሰው ሰጡ። የተገመገመው አዳራሹ ነበር፦ «ወንበሮቹ ለስላሳና ምቹ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የመደገፊያቸው ቁመት ወደፊት ቢታሰብበት መልካም ነው።»